የአገር ሽማግሌ ሲያርፉ፦ ከመርዶ እስከ ዐርባ ቀን ሐዘኑን በሥርዓት ለመምራት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮችም ሆነ ቆላውን ይዞ ወደ ጀልዴሳ በሚዘልቀው ገጠር፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሲያርፉ ሐዘኑ የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ድንበር የለዩ፣ የተጣላ ያስታረቁ፣ ሽምግልና ተቀምጠው ትዳር ያቆሙ፣ የሰው ገንዘብ በአደራ የያዙ ሰው ናቸውና የሚነካው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው አስከሬኑን በክብር ማሳረፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሟቹ ተሸክመውት የኖሩትን የሰው አደራ ሳይበተን ለየባለቤቱ መመለስ ነው። የመጀመሪያውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕድሩም ትከሻ ይሰጣል። ሁለተኛው ግን በለቅሶው ግርግር ተረስቶ ከወራት በኋላ ክርክር ሆኖ ይመጣል።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በዕድር ጸሐፊነት ባገለገልሁበት ጊዜና በራሴ ቤተሰብ ሐዘን ያየሁትን ይዤ ነው። በዋናነት የሚናገረው ስለ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን በአካባቢያችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚያለቅስና አብሮ የሚቀብር በመሆኑ፣ የጎረቤትን ሥርዓት ሳያውቁ ሐዘን መምራት አይቻልምና እርሱንም በየቦታው አነሣለሁ።

አንደኛ፦ ጩኸቱ ከመነሣቱ በፊት ኃላፊ መሰየም

ሽማግሌው እንዳረፉ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከማንም በፊት የሐዘኑን ሥራ የሚመራ አንድ ሰው ይምረጡ። ይህ ሰው የሟቹ የበኩር ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ የበኩር ልጅ ሐዘንተኛ ነው፣ ለቀስተኛ ሁሉ የሚያቅፈው እርሱን ነው፣ ስለዚህ የጉድጓድ ቆፋሪ ቁጥርና የውሃ ጉዳይ ሊያስብ አይገባውም። አማች፣ የወንድም ልጅ ወይም ቤተሰቡን በደንብ የሚያውቅ ጎረቤት ይሻላል። ኃላፊው ስልኩን ሞልቶ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ፣ ሥራውን ለሰዎች ያከፋፍል፦ ካህን የሚጠራና የመቃብሩን ነገር የሚጨርስ፣ መርዶ የሚያስነግር፣ ለዕድሩ ዳኛ የሚነግር፣ ውሃና እህል የሚያዘጋጅ፣ መዝገብ የሚይዝ። ሁሉንም ልሥራ የሚል ኃላፊ እስከ ማታ ድረስ ይደክምና በማግስቱ የሚፈለግበት ሰዓት ላይ አይገኝም።

ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ወይም የመውደቅ፣ የአደጋና የጠብ ጥርጣሬ ካለ፣ አስከሬኑ ሳይነካ ለፖሊስ ይነገር። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ አስከሬኑን መገነዝና የቀብሩን ሰዓት መወሰን

የሰው አካል ነፍስ ከወጣች ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መደንደን ይጀምራል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ዓይን መክደን፣ አገጭን በንጹሕ ጨርቅ ማሰር፣ እጅና እግርን ማቃናት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የኪስ ገንዘብና ከሁሉ በላይ የሣጥን ቁልፍ ሁለት ምስክር ባለበት ተነሥቶ ለኃላፊው ይሰጥ፤ ምን እንደተገኘም ወዲያው ይጻፍ። ገናዦቹ ልምድ ያላቸው ይሁኑ። አስከሬኑ ታጥቦ በነጭ አቡጀዲ ይገነዛል፤ የንስሐ አባታቸው ወይም የአጥቢያው ካህን መጥተው የግንዘቱን ጸሎት ያደርሳሉ። ሟቹ በተላላፊ ሕመም ያረፉ ከሆነ ገናዦቹ ጓንት ያድርጉ፤ ይህንንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትመክራቸው መልካም ነው።

የቀብሩ ሰዓት ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣበት ነው። «ልጁ ከአዲስ አበባ ይድረስ» የሚለውና «አስከሬኑ አይቆይም» የሚለው ወገን ይከራከራሉ። መወሰን ያለበት ሙቀቱን በማየት ነው። የድሬዳዋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በደጋው በኩል ሌሊቱን ማሳደር የሚቻል አስከሬን በቆላው በኩል እስከ ምሽት እንኳ ያስቸግራል። በቆላ መንደር ከሆነ፣ ጧት ያረፉ ሽማግሌ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያረፉ ደግሞ በማግሥቱ ጧት ቢቀበሩ ይሻላል። ሩቅ ያለ ልጅ የግድ መጠበቅ ካለበት አስከሬኑን ወደ ከተማ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል መውሰድ ነው፤ በቅድሚያ ግን ማቀዝቀዣው እንደሚሠራና ቦታ እንዳለው በስልክ ይረጋገጥ። ዳገቱን ወጥቶ የተመለሰ አስከሬን አይቻለሁ፤ ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሞት ነበር።

ሟቹ ሙስሊም ጎረቤት ከሆኑ ነገሩ ይፈጥናል። ጀናዛው ይታጠባል፣ ይከፈናል (ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ጨርቅ ነው)፣ ቆመው በ4 ተክቢራ («አላሁ አክበር» በማለት) ይሰገድበታል፣ ከዚያም በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ሆኖ ያርፋል፤ ቂብላው በእኛ አገር ወደ ሰሜን ነው። ክርስቲያን ጎረቤት ጉድጓድ በመቆፈር፣ ውሃ በማቅረብና ቃሬዛ በመሸከም ይረዳል፤ ስግደቱ ሲደርስ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቆማል። «አላህ ይርሐማቸው፣ ሰብሩን ይስጣችሁ» ማለትን የማያውቅ የአገራችን ሰው ብዙ አይደለም፤ የማያውቅ ካለ ይወቅ።

ሦስተኛ፦ መርዶ

በዚህ ክፍል ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ያየሁት ጉዳት ከሁሉ የበዛው እዚህ ላይ ነውና።

አጎቴ ያረፉ ቀን አንድ የቤተሰብ ልጅ፣ በቅንነት ነው፣ ስልክ አንሥቶ ጅቡቲ ለምትኖረው ልጃቸው ደወለላት። ገበያ መካከል ነበረች፤ ሕፃን አዝላለች። «አባባ ዐረፉ» አላት። ስልኩ ከእጇ ወደቀ እንጂ አልተዘጋም ነበር፤ እኛም በዚህኛው ጫፍ ሆነን የገበያውን ጫጫታ፣ የሕፃኑን ለቅሶና በማናውቀው ቋንቋ የሚጯጯኹ ሴቶችን ድምፅ ለረጅም ደቂቃ ሰማን። ማንም ስልኩን ለመዝጋት ድፍረት አላገኘም።

ከዚያ በኋላ በዕድራችን የምንከተለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ኃላፊው በመጀመሪያ መርዶ የሚነገራቸውን ሰዎች ዝርዝር ያዘጋጃል፤ በእያንዳንዱ ስም ጎንም ያ ሰው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሚኖርና ሕመም እንዳለበት ይጻፋል። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ምልክት ይደረግበታል። ቀጥሎ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን በአጠገቡ ላለ ሰው ነው፦ ለባል፣ ለሚስት፣ ለጎረቤት፣ በውጭ አገር ላለች ልጅ ደግሞ በዚያው ከተማ ላለች የአገር ልጅ። መርዶው ጎሕ ሲቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሰውየው ለሥራ ከቤት ሳይወጣ ይነገራል። የሚሄዱት ከ3 ያላነሱ ሰዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ሐዘንተኛው የሚያከብረው ሽማግሌ፣ አንዷ ደግሞ የምትይዘውና የምታጽናናው ሴት ይሁኑ። ምግብ ሳይቀምሱ ሰምተው ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ የሚውሉ ብዙ ስለሆኑ፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ መድኃኒቱንና ቁርሱን የሚከታተል ሰው አብሮ ይሂድ።

አነጋገሩ አጭርና ግልጽ ይሁን። ዙሪያ ጥምጥም መናገር ሐዘንተኛውን «ማነው? የቱ ልጄ ነው?» እያለ በየስሙ እንዲደነግጥ ያደርገዋል። መርዶ ነጋሪው ቁጭ ካስደረጋቸው በኋላ፣ «እማማ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ወንድምዎ ትናንት ማታ ዐርፈዋል። በልጆቻቸው መካከል፣ ሳይሠቃዩ ነው የሄዱት» ቢላቸው ይበቃል፤ ሳይሠቃዩ የሚለው ግን እውነት ከሆነ ብቻ ይነገር። «ጠንከር ብሎባቸዋል፣ ድረስ» ብሎ መንገደኛን ማስመጣት በአገራችን የተለመደ ነው። ልጁ ብቻውን መኪና የሚያሽከረክር ከሆነ ይህን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሚኒባስ ውስጥ ከጎኑ በተቀመጠ ሰው ስልክ ላይ የአባቱን ፎቶ ሻማ ተደርጎበት እንዳያየው፣ ዝርዝሩ ተነግሮ እስኪያልቅ ድረስ ማንም በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም ምንም እንዳያወጣ ኃላፊው ለወጣቶቹ በጥብቅ ያስጠንቅቅ።

አራተኛ፦ ስሞቹን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሳምንታት ያድናል። ሽማግሌዎቻችን ቢያንስ 3 ስም አላቸው፦ መንደሩ የሚጠራቸው፣ በመታወቂያ ላይ ያለውና የክርስትና ስማቸው። ካህኑ ለፍትሐት የሚጠይቁት የክርስትና ስም ነው፤ ቀበሌው መታወቂያው ላይ ያለውን ይፈልጋል፤ ዕድሩ ደግሞ ከ30 ዓመት በፊት በመዝገቡ የሰፈረውን ይዟል። ሦስቱንም ከነአባትና ከነአያት ስም በአንድ ገጽ ጽፈው ኃላፊው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ለአጎቴ ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ምክንያቱም በአንዱ ሰነድ ላይ የአያታቸው ስም «ገብረ መድኅን»፣ በሌላው «ገ/መድህን» ተብሎ ስለተጻፈ ነው።

አምስተኛ፦ መቃብር፣ ዕድርና ድንኳን

በአካባቢያችን መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ቆፋሪዎች በሌሊት መውጣት አለባቸው። ዶማና አካፋ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ዲጂኖና መዶሻም ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ሆኖ አስከሬኑ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ለቆፋሪዎቹ ውሃና ቁርስ የሚወስድላቸው ሰው ይመደብ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነርሱ ናቸው። ቦታው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሆነ ከሰበካ ጉባኤው ጋር በቅድሚያ መነጋገር ግዴታ ነው።

ሟቹ በሰሙነ ሕማማት ያረፉ ከሆነ ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህም ነው በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው። ይህን የማያውቁ ልጆች በካህናቱ ላይ ሲቆጡ አይቻለሁና አስቀድሞ ይነገራቸው።

ለዕድሩ ዳኛ ሲነገር ጡሩምባ ነፊው ይወጣል፣ ድንኳንና ወንበር ይመጣል። በአጎራባቹ የሐረር ጁገል ይህን ሥራ አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች ማኅበር ይሠራዋል፤ ሟቹ የሐረሪ ወዳጆች ከነበሯቸው ለአፎቻቸው መልእክት መላክ ትልቅ አክብሮት ነው። ድንኳኑ ሲተከል የነፋሱ አቅጣጫ ይታይ፤ በድሬዳዋ በኩል ከሰዓት በኋላ አቧራ የሚያነሣ ነፋስ ስለማይጠፋ ካስማው በደንብ ይመታ፣ ነፋስ የማይመጣበት ጎን ደግሞ ለአየር ክፍት ይሁን።

ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ውሃ ነው። በገጠር ቀበሌዎቻችን ውሃ ከሩቅ በአህያና በግመል የሚመጣበት ቦታ ጥቂት አይደለም። 200 ሰው ለሚውልበት ድንኳን፣ ለመጠጥ፣ ለቡና፣ ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ በቀን ከ20 እስከ 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይታሰብ። የመታጠቢያው በርሜል ከመጠጡ ይለይ። ቦቴ ማስመጣት ከተቻለ መንገዱ ያስገባው እንደሆነ ይጣራ።

ስድስተኛ፦ ሁለቱም እምነት የሚበላው ገበታ

የሽማግሌው ለቅሶ ላይ ከድንኳኑ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሽ የሚበልጠው ሙስሊም ነው። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን እንደማይበላ እናውቃለን፤ ለቅሶ ላይ ግን ሰው ስለ ምግብ መጠየቅ ያፍራል። ባልጠየቀውም መካከል ሳይበላ ጠዋት ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ማታ በእግሩ የሚመለስ ሽማግሌ አለ። ይህን ማሳፈር የሟቹን ስም ማሳፈር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ምንም ነገር ባይታረድ እመክራለሁ። ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ምስርና ሩዝ በዘይት ተሠርቶ ሁሉንም ያበላል፤ ጾምም አያስፈርስም። ለ200 ሰው የሚሆን ንፍሮ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ስንዴና ሽምብራ ይፈልጋል፤ ሽምብራው ከማታ ጀምሮ ካልተነከረ ጧት አይበስልምና፣ መርዶው ሌሊት ከሆነ እንኳ አንዲት ሴት ወዲያው ትንከረው። ሙስሊም ጎረቤቶች ሆጃቸውን (ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን መጠጥ) እና እዝናቸውን ይዘው ሲመጡ ተቀብሎ በክብር ማቅረብ ነው እንጂ «አስቀምጡት» ብሎ ጓዳ ማስገባት ነውር ነው።

ለተዝካር መታረዱ የማይቀር ከሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ማጀት ይደራጅ። ለሙስሊሞቹ ሙስሊም ጎረቤት ይረድ፣ የእነርሱ ሴቶች በራሳቸው ድስትና በራሳቸው ጭልፋ ይሥሩ፤ ቤተሰቡ ፍየሉንና ማገዶውን ብቻ ያቅርብ። እኛ በዚያ ወገን ድስቶች ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር እናስራለን፤ የሚቀዳው ልጅ እንዳይሳሳት ነው። ጠላ ካለም ከዚያ ዳስ ይራቅ።

ስለ ጫትም ዝም ብዬ አላልፍም። በአካባቢያችን ጫት የሌለበት የለቅሶ ሌሊት ብርቅ ነው፤ ለሚያድሩት ንቃት ይሰጣል ይባላል። ነገር ግን ወጪው በሐዘንተኛው ቤት ላይ እንዳይወድቅ የዕድሩ ዳኛ በመጀመሪያው ምሽት በግልጽ ይናገር። የባሏን መድኃኒት ለመግዛት ፍየል የሸጠች ሴት የአዳሪ ጫት ልትገዛ አይገባትም።

ሰባተኛ፦ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ

በቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በፀሐይ የቆመ ሰው ከ7 ደቂቃ በላይ አያዳምጥም። የሚያስቸግረው የልደት ዘመን ነው። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች የተወለዱበት ቀን አልተመዘገበም፤ ስለዚህ በአገሩ ታሪክ ላይ አስደግፎ መቁጠር ያስፈልጋል። ጣሊያን ከሐረርና ከድሬዳዋ የወጣው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው፤ የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ የደረሰው በ1969 ክረምት ነው፤ ትልቁ ድርቅ 1977 ነው፤ ደቻቱ ሞልቶ ከተማውን በሌሊት የወሰደው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ነው። እናታቸው «ጣሊያን ሲወጣ በጀርባዬ ነበርህ» ይሏቸው ከነበረ የተወለዱት 1931 ወይም 1932 ግድም ነው ማለት ነው። እንዲህ የተገኘ ዓመት ሲጻፍ «ግድም» የምትለዋ ቃል አትቅር። በመታወቂያው ላይ ያለው ዓመት የተለየ ከሆነም ለሰነድ የሚያገለግለው እርሱ ስለሆነ አይነካካ።

ጽሑፉ የዘር ሐረግ ዝርዝርና የምስጋና ጋጋታ አይሁን። አንድ ሥራቸውን በቅርብ ያሳይ፦ የትኛውን የደም ዕርቅ እንዴት እንደጨረሱ፣ የትኛውን ጉድጓድ ማን ማንን ይዘው እንዳስቆፈሩ። የሚነገረው ዕርቅ የሌላውን ቤት ገመና የሚያወጣ እንዳይሆን ስም ይተው። ከመነበቡ በፊት ለባለቤታቸው ይነበብላቸው፤ የተሳሳተውን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያም ፍሬ ነገሩ በኦሮምኛ እንዲነገር አንድ ሰው ይዘጋጅ፤ ከለቀስተኛው ብዙው የሚሰማው በዚያ ነው፤ ሟቹም ግማሽ ዕድሜያቸውን ሲያስታርቁ የኖሩት በዚያ ቋንቋ ነው።

ስምንተኛ፦ የቀብሩ ዕለት

ሰልፉ ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቢንቀሳቀስ ለአዛውንቶቹ ይሻላል። ቃሬዛ የሚሸከሙ ቡድኖች በቁመት ተመሳሳይ ሆነው ይለዩ፤ በየምዕራፉ ጸሎት ሲደርስ ይቀያየሩ። ክረምት ከሆነ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ መንገዱ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥ ሲሆን አንድ ሰው አስቀድሞ ይላክ። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በደጋው የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ አሸዋውን ጠርጎ ይወርዳል። ላይ በደንገጎ በኩል ደመና ከታየ ሰልፉ ይጠብቅ፤ አስከሬን አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይደል።

ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራ ታንሣ፤ ፊት መንጨትና ራስን መሬት ላይ መጣል ግን ቤተ ክርስቲያንም የምትከለክለው ነውና ጠንካራ ሴቶች ከሐዘንተኞቹ አጠገብ አይለዩ።

ዘጠነኛ፦ እስከ ሠልስት፣ መዝገቡ

ከቀብር መልስ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ይኑር። ዕድሩ ቀሪ ይይዛል፤ ከዚያ ተለይቶ ደግሞ የቤተሰቡ መዝገብ ያዥ ማን ምን እንዳመጣ ይጻፍ፦ እንጀራ፣ ስኳር፣ ገንዘብ፣ አንድ ሸክም ማገዶም ቢሆን። ለቅሶ ብድር ነው፤ ባለቤታቸው ነገ ሲከፍሉት የሚያዩት ያንን ደብተር ነው። የተሰጠው ገንዘብ በየማታው ሁለት ሰው ባለበት ተቆጥሮ ይፈረምበት።

ዐሥረኛ፦ አደራውን መሰብሰብ

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ ደረስን። ከሠልስት በኋላ፣ ሩቅ ዘመዶች ሳይበተኑ፣ 3 ሽማግሌዎችና ከቤተሰቡ 2 ሰዎች ተቀምጠው የሟቹን ሣጥን ይክፈቱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሙስሊም ቢሆን በጣም ይጠቅማል፤ ባለአደራዎቹ ከሁለቱም ወገን ናቸውና።

የአጎቴ ሣጥን ሲከፈት ከታች በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ተገኘ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ጠርዙ በላብ ወዝቷል። በአንዱ ገጽ «2 ፍየል፣ የእገሌ፣ ለልጁ ሠርግ» ይላል፤ በሌላው «ከምንጩ በላይ ያለው ድንጋይ የሁለቱም ነው፣ ማንም አይነቅለው» ይላል። አንዱ መስመር ተሰርዞ «ተመልሷል» ተብሎበታል፤ ዘጠኙ አልተሰረዙም። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ዘጠኝ ቤት ከእኛ ጋር ይካሰስ ነበር።

ሁሉም ሽማግሌ ግን አይጽፍም። ካልተጻፈ እስከ ዐርባው ቀን የሚቆይ ጥሪ ይደረግ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድና በገበያ ቀን «ከሟቹ ዘንድ አደራ ያለው፣ የተበደረ ወይም ያበደረ፣ ያልተቋጨ ዕርቅ ያለው ይምጣ» ተብሎ ይነገር። የሚመጣው ሰው ቃል በሦስት ክፍል ይጻፍ። ገንዘብና ከብት የሚመለከተው ምስክሩ ተሰምቶ ይወሰናል። የድንበር ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ከባለድንበሮቹ ጋር ቦታው ድረስ ሄደው፣ ምልክቱን በእግራቸው ረግጠው፣ በሁለት ቅጂ ጽፈው ያስፈርሙ። ያልተቋጨ ዕርቅ ደግሞ በስም ለተመረጠ ሌላ ሽማግሌ ተላልፎ ባለጉዳዮቹ እንዲያውቁት ይደረግ፤ በተለይ የደም ጉዳይ ከሆነ ይህ ከሠልስት በፊትም ቢሆን አይዘግይ፤ በሟቹ ዋስትና ብቻ ቆሞ የነበረ ሰላም ዋስ ሲያጣ ይሠጋልና።

ኑዛዜ ካለ በዚሁ ስብሰባ ላይ ይታይ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት የተነበበና የተፈረመ መሆን አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሟቹ ራሳቸው ሙሉ በሙሉ በእጃቸው የጻፉትም ይጸናል። በመጨረሻ ሕመማቸው በ2 ሰው ፊት በቃል የተናገሩት ኑዛዜም ሕግ የሚያውቀው ነው፤ የሚያዝዘው ግን ውሱን ነገር ስለሆነ ሰሚዎቹ ሳይረሱት ወዲያው ይጻፉት።

ዐሥራ አንደኛ፦ የመንግሥት ወረቀት

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ አለበት። አስመዝጋቢው አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት ያስመዘግባል። የሟቹን መታወቂያ፣ የአስመዝጋቢውን መታወቂያ፣ በጤና ተቋም ያረፉ ከሆነ የሞት ማስረጃውን፣ በቤት ያረፉ ከሆነ ደግሞ የተቀበሩበትን ቦታ ማስረጃና ምስክሮችን ይዘው ይሂዱ። ኦሪጅናሉን ለማንም ሳይሰጡ ቅጂ ያብዙ፤ ለባንክ፣ ለወራሽነት ማረጋገጫ፣ ለመሬት ይዞታ ደብተር ስም ዝውውርና ለጡረታ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ሟቹ ከባቡሩ ወይም ከሌላ የመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ከነበሩ ባለቤታቸው ከጡረታው ግማሹን የማግኘት መብት አላቸው፤ ይህን ሳያውቁ ዓመታት ያለፋቸው ባልቴቶች አውቃለሁ።

ዐሥራ ሁለተኛ፦ ዐርባው፣ ከዐርባውም በኋላ

በ7ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ እንዲሁም በሙት ዓመቱ ጸሎት ይደረጋል። ጸሎቱ አይቅር፤ ድግሱ ግን በቤቱ አቅም ይሁን። በሬ ለማረድ የእርሻ በሬ መሸጥ የሚያስከብር የሚመስለው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ሰኔ መሬቱ ጦም ሲያድር የሚያየው ሰው የለም። ካህናቱና ነዳያን ከበሉ፣ ጎረቤት ከቀመሰ፣ ተዝካሩ ወጥቷል።

በዐርባው ዕለት ሽማግሌዎቹ የአደራውን መዝገብ በሕዝብ ፊት አንብበው ይዝጉት፤ የተመለሰው ይጠቀስ፣ ያልተመለሰው ለማን እንደተላለፈ ይነገር። አንዱ ቅጂ በዕድሩ ሣጥን፣ አንዱ በቤተሰቡ ዘንድ ይቀመጥ።

በ41ኛው ቀን ድንኳኑ የለም፣ ልጆቹ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል፣ ግቢው ጭር ይላል። ለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ላሉት ሳምንታት የጎረቤት ሴቶች ተራ ይያዙ፤ በየቀኑ አንዷ ከሰዓት በኋላ ሄዳ ከባለቤታቸው ጋር ቡና ታፍላ፣ ጀሪካኑ ውሃ እንዳለውና ማታ አብሯቸው የሚያድር ልጅ መኖሩን አይታ ትመለስ። ተራው በዕድሩ ጸሐፊ ደብተር ላይ ከነስሙ ይጻፍ።